መኪና የማይገባበት የጫካ ጎዳና
በዋሽንግተኑ ሮክ ክሪክ ፓርክ የቤተሰብ ጉዞ በብስክሌት

ዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ከኢትዮጵያ ውጭ ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች መካከል መሆናቸው ይታወቃል። በዚያ የሚኖር ቤተሰብ ኑሮው ከመኪና ጋር የተሳሰረ ነው። አባት በመኪና ወደ ሥራ፣ እናት በመኪና ወደ ሌላ ሥራ፣ ልጆች በመኪና ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከወገኖቻችን መካከል እንጀራቸው መሪ ጨብጦ መዋል የሆነም ጥቂት አይደሉም። ልጅ ከደጅ ወጥቶ እንደልቡ የሚሮጥበት፣ ጎረቤትም እንደ ወላጅ ሆኖ «አንተ ልጅ፣ ዳር ዳሩን ያዝ!» ብሎ የሚቆጣበት ሰፈር እምብዛም አይገኝም። በዚህም የተነሳ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት አልነሳ እንዳሏቸው ሲያማርሩ እንሰማለን። «የት እንውሰዳቸው?» የሚለው ጥያቄም በየቤቱ ይነሳል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሆን የሚችል አንድ ቦታ አለ። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ከከተማው መሐልም ሩቅ አይደለም። በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ አራት ቤተሰቦች ሆነን፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ አሥራ ሰባት ነፍስ ብስክሌቶቻችንን ይዘን ሄድንበት። ያየነውንና ስለ ቦታው ያወቅነውን እነሆ እናካፍላችሁ።

ከከተማው መሐል ያለ ጫካ

ሮክ ክሪክ የወንዝ ስም ነው። ወንዙ በሜሪላንድ ውስጥ ሌይተንስቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ይነሳና 53 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ዋሽንግተንን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጦ ከታላቁ የፖቶማክ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። የሚያልፍበት ሸለቆ ቋጥኝና ገደል የበዛበት ነው። ከተማይቱ ወደ ሰሜን እየሰፋች በመጣች ጊዜ ሸለቆው በቤት ተሞልቶ እንዳይጠፋ ያሰቡ ሰዎች ተነሱ። የአሜሪካ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1890 ቦታው ለሕዝብ መዝናኛ ተከልሎ እንዲኖር ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን ፈረሙበት። የፓርኩ ስፋት 1,754 ኤከር ወይም 710 ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ዝነኛውን የኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሁለት እጥፍ ያህላል።

ከገቡበት በኋላ ከተማ ውስጥ መሆንዎን ይረሳሉ። ኦክ፣ ቢችና ቱሊፕ ፖፕላር የሚባሉት ረጃጅም ዛፎች ከግራና ከቀኝ ተነስተው ከላይ ይገናኛሉ። እኛ በሄድንበት ወር ቅጠሎቹ ቢጫና ቀይ ሆነው መንገዱን አልብሰውት ነበር። አጋዘኖችም በማለዳ ከወንዙ ዳር ሲግጡ ይታያሉ፤ ሰው ስለለመዱ ቶሎ አይደነብሩም።

በሸለቆው ውስጥ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው አውራ መንገድ ቢች ድራይቭ ይባላል። ቢች በእንግሊዝኛ የባሕር ዳርቻ ማለትም ስለሆነ ልጆቻችን «ባሕሩ የት አለ?» እያሉ አስቸግረውን ነበር። ስያሜው ግን የባሕር አይደለም። የመንገዱን ሥራ በኃላፊነት ይመራ የነበረው የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ካፒቴን ላንሲንግ ቢች ስለነበር በእርሱ ስም ተጠርቶ የቀረ ነው።

መንገዱ እንዴት ለእግረኛ ተለቀቀ?

ይህ መንገድ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ አይደለም። ለረጅም ዘመን ከሜሪላንድ ወደ መሐል ከተማ ለሚወርዱ ሠራተኞች አቋራጭ ሆኖ አገልግሏል። ቅዳሜና እሁድ ከመንገዱ አንዳንዱን ክፍል ለመኪና የመዝጋት ልማድ ከብዙ ዓመታት በፊት የተጀመረ ቢሆንም፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን መኪና ተከታትሎ የሚጎርፍበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰዉን ሁሉ በየቤቱ ሲዘጋ፣ ፓርኩን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሕዝቡ ተራርቆ የሚንሸራሸርበት ቦታ እንዲያገኝ በማለት የላይኛውን ቢች ድራይቭ ሳምንቱን በሙሉ ለመኪና ዘጋው። ለዚህ አዲስ ግንባታ አላስፈለገም። የነበሩት የብረት መዝጊያዎች ተዘጉ፤ በቃ። ሰዉም አሮጊት ሽማግሌው፣ በጋሪ ሕፃን የሚገፋው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለው ሳይቀር መንገዱን ሞላው።

ወረርሽኙ ጋብ ሲል ክርክር ተነሳ። በሐምሌ 2022 ፓርኩ ያቀረበው ሐሳብ መንገዱ ቅዳሜና እሁድ እንዲሁም በሞቃቱ ወራት ብቻ ለመኪና ዝግ ሆኖ፣ በቀሩት ወራት በሥራ ቀናት እንዲከፈት የሚል ነበር። መኪናው በየሰፈራችን ይበተናል ብለው የሰጉ ነዋሪዎችም ነበሩ፤ ስጋታቸው ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል መንገዱን የለመዱ ቤተሰቦች፣ የዋሽንግተን አካባቢ ብስክሌተኞች ማኅበርና የከተማይቱ የምክር ቤት ተወካይ ኤሌኖር ሆምስ ኖርተን ለመኪና እንደተዘጋ እንዲቀር ጠየቁ። ሕዝቡ አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ዕድል ተሰጥቶት ስለነበር ብዙ ሰው ጻፈ። በመጨረሻም በኅዳር 2022 መንገዱ ዓመቱን ሙሉ ለመኪና ዝግ እንዲሆን ተወሰነ።

አብሮን የሄደ አንድ የታክሲ ሹፌር አባት ይህን ታሪክ ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል። ለዓመታት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ መሐል ከተማ ተሳፋሪ ያመላለሰው በዚሁ መንገድ ነበርና። ሲዘጋ ተናዶ እንደነበር አልደበቀንም። «እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ ሰኞ ጠዋት መንገዱ ሲጨናነቅ አሁንም ይናፍቀኛል» አለን፤ ቀጥሎም ከፊት ከፊቱ ብስክሌቱን እያጣደፈ ወደሚሄደው ልጁ በአገጩ እየጠቆመ «ቅዳሜ ግን እንደተዘጋ ይቅር» አለ።

ከወፍጮው ሽቅብ

ጉዟችንን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፒርስ ሚል ከሚባለው የጥንት የውኃ ወፍጮ ጀመርን። መኪና ማቆሚያ ስላለው ለቤተሰብ ይመቻል። ከዚያ መነሳታችን በምክንያት ነው። ወንዙ ወደ ደቡብ ስለሚወርድ፣ ከወፍጮው ወደ ሰሜን ሲጓዙ መንገዱ በጥቂቱ ሽቅብ፣ ሲመለሱ ደግሞ ቁልቁል ይሆናል። ልጅ ጉልበት ባለው ሰዓት ዳገቱን ይጨርሳል፤ በደከመው ሰዓት ቁልቁለቱ ያግዘዋል።

ወፍጮው በ1820ዎቹ ዓመታት አይዛክ ፒርስ በተባለ ባለርስት የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። በዚያ ዘመን በዚህ ወንዝ ዳር በርካታ ወፍጮዎች ነበሩ፤ ይኸኛው እስከ 1897 ድረስ በቆሎና ስንዴ ሲፈጭ ኖሮ ቆመ። በኋላ ታድሶ ለጎብኚ ተከፍቷል። ከመካከላችን ደሴ አካባቢ ያደጉ አንዲት እናት መንኮራኩሩን ባዩ ጊዜ ለልጅ ልጆቻቸው እህል በአህያ ጭኖ የውኃ ወፍጮ ቤት ወርዶ ተራ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ያወሩላቸው ጀመር። አሜሪካ ተወልደው ያደጉት ልጆች አያታቸው ስለ ሙዚየም ዕቃ እንደ ቤታቸው ዕቃ ሲናገሩ በመስማታቸው እጅግ ተገረሙ።

ከወፍጮው ጥቂት ራቅ ብሎ ብሮድ ብራንች የሚባለው መንገድ ከቢች ድራይቭ ጋር ይገናኛል። የመጀመሪያው የብረት መዝጊያ ያለው እዚያ ነው። ብስክሌት በጎኑ ያልፋል። ካለፍን በኋላ ልጆቹ ለተወሰነ ጊዜ እንደ ልማዳቸው ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ሄዱ። ቆይቶ አንዱ ትንሽ ልጅ ዞሮ «አባዬ፣ መኪኖቹ የት ሄዱ?» ሲል ጠየቀ። መንገዱ ሁሉ የእርሱ መሆኑ ሲነገረው ወደ መሐል ገባና እስኪለከልክ ድረስ ነዳ።

ይህ የመጀመሪያው ክፍል እስከ ጆይስ መንገድ የሚደርስ ሲሆን ከሁሉ የሚያምረው ነው። ሸለቆው ይጠብባል፤ ወንዙም በትላልቅ ቋጥኞች መካከል እየተጋጨ ይጮሃል። በመካከሉ ቦልደር ብሪጅ የሚባለውን ድልድይ ታገኛላችሁ። በ1902 የተሠራ ነው። ውስጡ ብረት ያለበት ኮንክሪት ቢሆንም ከውጭ በትላልቅ ድብልብል ድንጋዮች ስለተለበጠ ከሸለቆው የበቀለ ይመስላል። ትንንሾቹ ልጆችና በእግራቸው ይከተሉን የነበሩት እናቶች እዚህ ድረስ መጥተው ቢመለሱም እንኳ ጉዞው ይበቃቸዋል።

ከጆይስ መንገድ እስከ አሥረኛው የሽርሽር ሜዳ ያለው ቀጣዩ ክፍል ለመኪና ክፍት መሆኑን ወላጆች ልብ ሊሉ ይገባል። መኪና የሚገባው ሰዎች ወደ ሽርሽር ሜዳዎቹ እንዲደርሱ ስለሆነ ብዙ ባይጨናነቅም፣ ልጆችን በተርታ አሰልፎ አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ሆኖ ማሳለፍ ያስፈልጋል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ከዚያ እስከ ዋይዝ መንገድ ዳግመኛ ለመኪና ዝግ ነው። ከዋይዝ እስከ ዌስት ቢች ድራይቭ ክፍት፣ ከዌስት ቢች እስከ ሜሪላንድ ወሰን እንደገና ዝግ ይሆናል። በጠቅላላው ከወፍጮው እስከ ወሰኑ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ዕድሜው አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እያረፈ ሊጨርሰው ይችላል።

ምሳችንን ከሽርሽር ሜዳዎቹ በአንዱ በላን። ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና በፔርሙስ የያዝነው ሻይ ነበር። ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ዙህርን በጀመዓ ሰገድን። አንድ ሁለት መንገደኞች ፍጥነታቸውን ቀንሰው በእጃቸው ሰላምታ ሰጥተውን አለፉ።

ብስክሌት ለእናቶችና ለልጃገረዶች

አገር ቤት ሳለን ብስክሌት በአብዛኛው የወንድ ልጅ ነበር። ወንዶቹ ሳንቲም አጠራቅመን በዙር እየተከራየን ስንነዳ፣ እህቶቻችን ዳር ቆመው ያዩን ነበር። ባሕር ዳርና አዋሳ ያደጉት ከዚህ የተሻለ ዕድል ሳይኖራቸው አልቀረም። በዚህ ምክንያት ዛሬ ልጆቿን ብስክሌት ይዛ የምትወጣ እናት ራሷ መንዳት የማትችል ሆና ትገኛለች።

ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት እህት አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው የተማረችው። ብስክሌተኞች ማኅበሩ ለአዋቂዎች ትምህርት ይሰጣል፤ ዘዴውም ቀላል ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ፔዳሎች ይፈታሉ፤ ኮርቻው እግር መሬት እስኪረግጥ ዝቅ ይላል። ተማሪው በእግሩ መሬቱን እየገፋ ሚዛኑን መጠበቅ ይለምዳል። እግሩን አንስቶ ጥቂት መንሳፈፍ ሲችል ፔዳሉ ይመለስለታል። ከኋላ ኮርቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው አያስፈልግም። እህታችን ይህን በባዶ የመኪና ማቆሚያ ለሳምንታት ከተለማመደች በኋላ፣ በዚያ ቅዳሜ ከብሮድ ብራንች እስከ ቦልደር ብሪጅ ሳትወርድ ነዳች። ስትደርስ ያጨበጨቡላት የገዛ ልጆቿ ናቸው። ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢኖር ኖሮ ይህን አትደፍረውም ነበር፤ ራሷም የነገረችን ይህንኑ ነው።

ስለ አለባበስ ለሚጠይቁን እህቶች ሁለት ነገር እንንገር። ረጅም ቀሚስ ከካቴናው ጋር እንዳይያያዝ ካቴናው የተሸፈነና መሐሉ ዝቅ ያለ ብስክሌት ይምረጡ። ካፒታል ባይክሼር የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በከተማው የሚከራዩት ብስክሌቶች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ሆኖም የሚፈቀዱት 16 ዓመት ለሞላው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከሄልሜት ሥር የሚታሰረው ሒጃብ ስስና መርፌ የሌለበት ይሁን፤ ጫፉም ከልብስ ውስጥ ይግባ።

ራቅ ብለው መጓዝ ለሚሹ

ጎልማሶችና የደረሱ ልጆች ሜሪላንድ ወሰን ላይ መቆም የለባቸውም። ሮክ ክሪክ ትሬይል የሚባለው የአስፋልት መንገድ ወንዙን ተከትሎ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን እስከ ኒድውድ ሐይቅ ይቀጥላል። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ለሚኖሩ ደግሞ ስላይጎ ክሪክ ይቀርባቸዋል፤ ከወንዙ ዳር ያለው መንገድ ከፊሉ ቅዳሜና እሁድ ለመኪና ይዘጋል። ከጆርጅታውን እስከ ቤተስዳ የሚወስደው ካፒታል ክሬሰንት ትሬይል 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለቆመ ሐዲዱ ተነስቶ መንገድ ሆነ። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ለጀማሪ ይመቻል።

ከሁሉ የሚረዝመው ከጆርጅታውን የሚነሳው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ መንገድ ነው። ቦዩ በ1828 መቆፈር ጀምሮ በ1850 ከምበርላንድ ከተማ ደረሰ። ጀልባዎቹን በቅሎዎች ከዳር ሆነው ይጎትቱ ነበር። ብስክሌት የሚሄደው በእነዚያ በቅሎዎች መንገድ ነው፤ ርዝመቱም 297 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቦዩ በ1924 ሥራ ካቆመ በኋላ ቦታውን የመኪና ጎዳና ለማድረግ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ሐሳቡን የደገፉትን የዋሽንግተን ፖስት አዘጋጆች «ኑ፣ አብረን በእግራችን እንየው» ብለው ጋበዟቸውና ከከምበርላንድ ተነስተው ብዙ ቀን ተጓዙ። ጉዞው በአገሩ ሁሉ ወሬ ሆነ። ቦዩም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ከዚያ ወዲያ እስከ ፒትስበርግ የሚያደርሰው ሌላው መንገድ በ2013 ስለተጠናቀቀ፣ ዛሬ አንድ ሰው ከዋሽንግተን ተነስቶ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሞላ ጎደል መኪና በማይሄድበት መንገድ ሊጓዝ ይችላል።

ከመውጣታችሁ በፊት

በዋሽንግተንም ሆነ በሜሪላንድ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ሄልሜት ብስክሌት እንዲነዳ ሕጉ አይፈቅድም። ወላጅም አድርጎ ቢያሳይ ይሻላል። ከቤት ሳትወጡ ፍሬኑን ጨብጣችሁ ሞክሩ፤ ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ካቴናውን ዘይት ቀቡት። አንድ ትርፍ ካላማዳሪያና የእጅ መንፊያ ያዙ። ለእኛ ከአንድ ጎማ በላይ አልተነፈሰብንም፤ እርሱንም ልጆቹ ተሰብስበው እያዩ ለወጥነው።

ወንዙ ሲያዩት ንጹሕ ቢመስልም ዝናብ በጣለ ቁጥር የከተማው ፍሳሽ ስለሚቀላቀልበት መዋኘትም ሆነ መንቦጫረቅ ክልክል ነው። ልጆችን ከውኃው አርቁ፤ ለመጠጥም ለውዱእም የሚሆን ውኃ ከቤት ያዙ። ከሽርሽር ሜዳዎቹ አንዳንዶቹ አስቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃሉ። መኪና የሌለው ቤተሰብ ብስክሌቱን በሜትሮ ባቡር ጭኖ መምጣት ይችላል። በመንገዱ ላይ ቀኛችሁን ያዙ፤ እግረኛ ስታልፉ ደወል ደውሉ። መኪና የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለምና ቁልቁለት ላይ ልጆች እንዳይፈጥኑ ተቆጣጠሩ። የፓርኩ ሠራተኞችና የአምቡላንስ መኪኖችም ሊያልፉ ይችላሉ።

አገር ቤትስ?

አዲስ አበባ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሲያነቡ «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ይሉ ይሆናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 «መንገድ ለሰው» በሚል የተጀመረው፣ አንዳንድ ጎዳናዎችን በተወሰነ ቀን ለመኪና የመዝጋት ልማድ ልጆች በመስቀል አደባባይ ኳስና ብስክሌት ሲጫወቱ አሳይቶናል። በጥቅምት 2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም በባሕር ዛፉ መካከል የእግርና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተውለታል። ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩ ጎዳናዎች ላይም የብስክሌት መስመር ተሰምሯል።

የሮክ ክሪክም ሆነ የቦዩ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለ መንገድ የሚኖረው የሚጠቀምበት ሰው ሲኖር፣ ሊወሰድበት ሲልም ያ ሰው አፉን ከፍቶ ሲናገር ነው። በ2022 አስተያየታቸውን ከጻፉት መካከል ስንቶቻችን ነበርን? ነገ በየሰፈራችን ስለ መንገድ፣ ስለ ሜዳ፣ ስለ መጫወቻ ስፍራ ሲጠየቅ የልጆች ወላጅ ሁሉ ቢጽፍ፣ በስብሰባውም ቢገኝ መልካም ነው። እስከዚያው የመጪዋን ቅዳሜ ጠዋት ለልጆቻችሁ አድርጓት፤ ጎማውን ንፉና ውጡ።

መልካም ጉዞ።